ብርዱ ያልገደለው ዘር

አንድ ገበሬ ከሞተው ማሳ መካከል የተረፈውን እየለቀመ የከብት መኖን እንዴት እንዳዳነ

እኛ ዘንድ ክረምት ሲባል ዝናብ ነው። ክረምት ሲገባ መሬቱ ይርሳል፤ ሜዳው ይለመልማል፤ ከብቱም ሣር ይጠግባል። ላም የምትነጥፈው፣ የበሬ ጎን አጥንቱ የሚቆጠረው በበጋ ነው። ጭዱ አልቆ ዝናቡ ሲዘገይ፣ «በሬዬን ምን ላብላው?» የሚለው ጭንቀት በየቤቱ ይገባል።

ወደ ሰሜን ርቀው በሚገኙ አገሮች ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ክረምት ማለት ብርድ ነው። ከኅዳር ግድም እስከ መጋቢት ድረስ እንደ ተነደፈ ጥጥ ያለ በረዶ ይወርዳል። የእኛ በረዶ እንደ ጠጠር ወርዶ፣ ሰብሉን ቀጥቅጦ፣ ወዲያው ይቀልጣል። የእነሱ ግን መሬት ላይ ተነጥፎ ይከርማል። የሐይቁ ውሃ ጠንክሮ ሰው በላዩ ይሄድበታል። አፈሩም እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ዶማ አይገባውም።

በዚህ ጊዜ ከብት የሚግጠው ነገር የለም። ከጋጣ ሳይወጣ ይከርማል። ገበሬው በሞቃቱ ወራት አጭዶ ያደረቀውን ድርቆሽ እያወጣ ይመግበዋል። ድርቆሹ ካነሰ ከብቱ ይከሳል፤ ካለቀም ከብቱ ያልቃል።

ስለዚህ የዚያ አገር ገበሬ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው፣ ብዙና ገንቢ ድርቆሽ የሚሰጥ ተክል ነው። ሁለተኛው፣ ያ ተክል ብርዱን ችሎ በሚቀጥለው ዓመት ከሥሩ እንዲያቆጠቁጥ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን አንድ ላይ ስላገኘ አንድ ገበሬ ይናገራል። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የአተር ዘመድ የሆነ መኖ

ተክሉ አልፋልፋ ይባላል። በእኛም አገር ከብት በሚያደልቡና ወተት በሚሸጡ ሰዎች ዘንድ እየታወቀ መጥቷል። አልፋልፋ የአተር፣ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። አበባው ብዙውን ጊዜ ሐምራዊ ነው። ሥሩ ወደ ታች ሁለትና ሦስት ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠልቃል። አንድ ጊዜ ከተዘራ ብዙ ዓመት ይቆያል። ቢታጨድም እንደገና ያቆጠቁጣል።

የአተርን ሥር ነቅላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሥሩ ላይ እንደ ዶቃ ያሉ ትናንሽ እብጠቶች አሉ። በእነሱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ፍጥረታት ይኖራሉ። እነዚህ ፍጥረታት በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል ምግብ ይለውጡታል። ናይትሮጅን ማለት በዩሪያ ማዳበሪያ ውስጥ በገንዘባችን የምንገዛው ነገር ነው። አባቶቻችን ባቄላ በተዘራበት መሬት ላይ ገብስ ቢዘሩበት እንደሚያምር የሚያውቁት በዚህ ምክንያት ነው። አልፋልፋም እንዲሁ ያደርጋል።

ለከብትም ጥሩ ምግብ ነው። ሥጋና ወተት የሚሠራው የምግብ ክፍል ፕሮቲን ይባላል። ከ100 ኪሎ ደህና የአልፋልፋ ድርቆሽ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ከ100 ኪሎ የስንዴ ጭድ ውስጥ ግን 5 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

አልፋልፋ መልካም ተክል ቢሆንም አንድ ችግር ነበረበት። ከሞቃት አገር የመጣው ዘር በብርድ አገር ሲዘራ አንድ በጋ አምሮ ይታይና በክረምቱ ይሞታል። ገበሬውም ያወጣው ገንዘብና ያፈሰሰው ጉልበት መና ይቀርበታል።

አንድ ገበሬና ዘጠኝ ኪሎ ዘር

ቬንደሊን ግሪም ይባላል። የተወለደው ዛሬ ጀርመን በሚባለው አገር፣ ባደን በምትባል ግዛት፣ ኩልስሃይም በምትባል ቦታ ነው። በ1857 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። የሰፈረውም ሚኔሶታ በሚባለው የሰሜን ግዛት፣ ካርቨር በሚባል አውራጃ ነው።

ሚኔሶታ ብርዱ የከፋ ነው። ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት የቅዝቃዜ መጠን ዜሮ ዲግሪ ይባላል። በሚኔሶታ በጥር ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስበት ሌሊት አለ።

ግሪም ካገሩ ሲነሣ ቢበዛ 9 ኪሎ የሚሆን የአልፋልፋ ዘር ይዞ ነበር። ባገሩ ቋንቋ ይህን ተክል የሚጠሩት «የዘላለም ሣር» እንደማለት በሆነ ስም ነው። አንዴ ከተዘራ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ ነው እንዲህ ያሉት። ግሪም በ1858 ብርዱ ሲያልፍ ዘሩን ዘራው። በቀለ፤ አደገ፤ አማረ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲገለጥ፣ «የዘላለም» የተባለው ሣር አብዛኛው ሞቶ ተገኘ። እዚህ አንድ እግር፣ እዚያ አንድ እግር ብቻ ተርፎ ነበር።

እስቲ ራሳችሁን በእሱ ቦታ አድርጉት። ማሳህ ሞቷል። የተረፈው እፍኝ የማይሞላ ነው። ምን ታደርጋለህ? ብዙ ሰው «ይኸ አገር ለዚህ ተክል አይሆንም» ብሎ አርሶ ይገለብጠዋል። ወይም «ለምን በከንቱ ይቀራል?» ብሎ የተረፈውን ለጥጃ ያበላዋል። ሁለቱም የሚያስወቅስ አይደለም። የተቸገረ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ግሪም ግን ሌላ ነገር አደረገ። የተረፉትን እግሮች ጠበቃቸው። አብበው ፍሬ እስኪይዙ ቆየ። ዘራቸውን ለቅሞ እንደገና ዘራ። በሚቀጥለው ክረምት አሁንም ብዙው ሞተ። አሁንም ከተረፈው ለቀመና ዘራ። በዓመቱም፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ይህንኑ ደጋገመው። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ የሚሞተው እያነሰ፣ የሚተርፈው እየበዛ መጣ። በመጨረሻ ማሳው ሳይሳሳ የሚከርም ሆነ።

የሚወራለት አንድ ነገር አለ። በቆሎ በጠፋበት ዓመት አንድ ጎረቤቱ የግሪምን የሰቡ ከብቶች አይቶ በቆሎ ከየት እንዳገኘ ጠየቀው ይባላል። ግሪምም አንድ ፍሬ በቆሎ እንዳላበላቸው፣ ያበላቸው ያንኑ የዘላለም ሣር ብቻ እንደሆነ ነገረው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቹም ከእሱ ዘር እየወሰዱ መዝራት ጀመሩ።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ብርድ ተክልን እንዴት ይገድላል?

አንዱ ሞቶ ሌላው ለምን እንደተረፈ ለማወቅ ብርድ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለብን።

በተክል ውስጥ ውሃ አለ። ውሃ ሲጋገር ያብጣል። አፉ ድረስ በውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጣም ቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ውሃው ሲጋገር ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። ተክልም ብርድ ሲጠናበት በውስጡ በረዶ ይሠራል። በረዶው እርጥበቱን ከተክሉ ሥጋ መጦ ያደርቀዋል፤ ይቀደዋልም። ውርጭ የመታው የባቄላ ቅጠል መጀመሪያ ውሃ የነካው ይመስላል፤ ፀሐይ ሲነካው ይጠቁራል። ምክንያቱ ይህ ነው።

የአልፋልፋ ሕይወት በክረምት ያለው በቅጠሉ አይደለም። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት፣ ከአፈሩ ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኝ ቦታ አለ። የሥሩ አናት እንበለው። አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ነው። አናቱ ከተረፈ ተክሉ ይተርፋል። አናቱ ከሞተ ተክሉ ሞተ።

ብርድ የሚችል አልፋልፋ ክረምቱ ሳይመጣ ይዘጋጃል። ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ላይ ማደጉን ይተወዋል። በቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ ስኳርም ያከማቻል። ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ እንደ ባዶ ውሃ ቶሎ አይጋገርም። በደንብ የተዘጋጀ ብርቱ ተክል በአናቱ ዙሪያ ያለው አፈር ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ግድም እስኪደርስ ሊቋቋም ይችላል። ብርድ የማይችለው ግን ክረምቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ እሱ ቅጠል ያወጣል። ድግስ ሳያሰናዳ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ነው።

ብርድ ብቻውንም አይደለም የሚገድለው። አፈሩ ሲጋገር ያብጣል፣ ሲቀልጥ ይረግባል። ይህ ሲደጋገም ሥሩን ከመሬት ወደ ላይ እየገፋ ያወጣዋል። ውሃ የሚተኛበት መሬት ከሆነ ደግሞ በረዶው ላዩን እንደ ምጣድ ክዳን ይከድነውና ተክሉ ታፍኖ ይሞታል።

እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ ግን ወዳጅ ነው። እንደ ጋቢ ሆኖ መሬቱን ይሸፍናል። ከሥሩ ያለው አፈር ከላይ ካለው አየር ይልቅ ይሞቃል። ለዚህ ነው የዚያ አገር ገበሬ የመጨረሻውን አጨዳ ሲያጭድ ቆረን አስቀርቶ የሚያጭደው። ቆረኑ በረዶውን ይይዝለታል። ደግሞም ብርዱ ከመምጣቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዳያጭድ ይመከራል። ያን ጊዜ ከታጨደ ተክሉ ለሥሩ ያስቀመጠውን ስንቅ አውጥቶ ቅጠል ይሠራበታል፤ ክረምቱም ባዶ እጁን ያገኘዋል።

የግሪም ዘር ለምን ሰመረ?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሞቃት አገር የለመደ ተክል ብርድ እየመታው «ተማረ» ማለት ነው? አይደለም። አንድ የአልፋልፋ እግር በሕይወቱ ዘመን ባሕርዩን አይለውጥም። ብርድ የማይችለው ይሞታል፤ ያልቃል። የተለወጠው እያንዳንዱ እግር ሳይሆን ማሳው ነው።

ነገሩን በልጆች እንየው። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ልጆች አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ቀይ ይሆናሉ። የአልፋልፋ ዘርም እንዲሁ ነው። የአልፋልፋን አበባ ንብ ታዳቅለዋለች። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ስትዞር የዚህን ዱቄት ለዚያ ታደርሳለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬ እናትና አባት አለው፤ ካጠገቡ ካለው ፍሬም ይለያል። በአንድ እፍኝ ዘር ውስጥ ብርድ የሚችልም፣ የማይችልም ተደባልቆ ይገኛል።

ግሪም ይዞት የመጣው ዘር በተለይ የተደባለቀ ነበር። በማሳው ላይ ሐምራዊ ብቻ ሳይሆን ወደ ብጫና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አበባም ይታይ ነበር። በኋላ የተመራመሩ ሰዎች ምክንያቱን ደረሱበት። ሐምራዊ አበባ ያለው አልፋልፋ፣ ብጫ አበባ ካለው ዘመዱ ጋር የተዳቀለ ነበር። ብጫ አበባ ያለው ሣር ደግሞ በብርድ አገር የኖረ፣ ከአፈር በታች ሸሸግ ያለ ሰፊ አናት ያለው፣ ብርድ የሚችል ተክል ነው። ሐምራዊው ፍሬያማነትን፣ ብጫው ብርታትን ሰጡ።

ስለዚህ ሥራው የሦስት ወገን ነው። ዘሩ ልዩ ልዩ ዓይነት አቀረበ። ብርዱ ለየ። ገበሬው ለቀመ። አንዱ ቢጎድል ኖሮ ነገሩ አይሆንም ነበር። ዘሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሁሉም በአንድ ሌሊት ያልቅ ነበር። ብርዱ ባይኖር ደካማውና ብርቱው አይለይም ነበር። ገበሬው ባይለቅም ደግሞ የተረፉት እግሮች አርጅተው ዘር ሳይተኩ ይጠፉ ነበር።

ወሬው አርባ ዓመት ዘገየ

አሁን የታሪኩ አሳዛኝ ክፍል ይመጣል።

ግሪም የሠራውን ጎረቤቶቹ ያውቁ ነበር። የካርቨር አውራጃም በአልፋልፋ ታወቀ። ከአውራጃው ውጭ ያለው ገበሬ ግን ይህን አልሰማም። በዚያው ዘመን በሌሎች የብርድ ቦታዎች ገበሬዎች ዘር ከገበያ እየገዙ ይዘራሉ፤ ክረምቱ ይገድልባቸዋል፤ እንደገና ይገዛሉ። ብርድ የሚችለው ዘር ግን አገራቸው ውስጥ ነበረ።

ቬንደሊን ግሪም በ1890 ሞተ። ሲሞት ስሙን ከመንደሩ ውጭ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ከሞተ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1900 ግድም፣ አርተር ላይማን የተባለ የዚያው አካባቢ ሰው ነገሩን ልብ አለው። ከሌላ ቦታ በመጣ ዘር የተዘራው አልፋልፋ በብርድ ሲያልቅ፣ ከግሪም ዘር የተዘራው ግን በደህና እንደሚከርም አየ። ዝም አላለም። በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ለነበረው ለዊሌት ሄይስ አስታወቀ። ጣቢያውም ዘሩን ከሌሎች ዘሮች ጋር ጎን ለጎን እየዘራ ፈተነው። ዘሩ ፈተናውን አለፈ። «ግሪም አልፋልፋ» የሚል ስምም ወጣለት።

በ1911 የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ስለ ግሪም አልፋልፋ ጽሑፍ አሳትሞ አወጣ። ከዚያ በኋላ ዘሩ በሰሜን አሜሪካ የብርድ አገሮች ተስፋፋ። በ1924 የግሪም እርሻ በነበረበት ቦታ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ተተከለ።

ልብ በሉ። ግሪም ዘሩን ሲለቅም ዓመታት ፈጀ። ወሬው ከአውራጃው እስኪወጣ ደግሞ አርባ ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ማሳ ሞተ? ስንት ከብት ከሳ? ዕውቀት በአንድ መንደር ታስሮ ሲቀር የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚጠቅመው ለደብዳቤ ብቻ አይደለም። በማሳህ ያየኸውን ጽፈህ ለሌላው ገበሬ ለማድረስም ነው።

ከግሪም በኋላ የመጡት

ሥራው በግሪም አላበቃም። ኒልስ ሃንሰን የተባለ፣ በዴንማርክ ተወልዶ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት ያስተምር የነበረ የእርሻ ምሁር ነበር። በ1897 የአሜሪካ መንግሥት ብርድ የሚችል ተክል እንዲፈልግ ወደ ሩሲያና ወደ መካከለኛው እስያ ላከው። ሃንሰንም በብርዷ የታወቀችው ሳይቤሪያ ድረስ ሄዶ ብጫ አበባ ያለውን አልፋልፋ አገኘ። ከዚያ በኋላም እየተመላለሰ ዘሩን አመጣ። በህንድ ሰሜን ከሚገኘው ከተራራማው የላዳክ አገርም ሌላ ብርድ የሚችል ዘር ተገኝቷል።

ደግሞ ሌላ ጠላት ተነሣ። በ1920ዎቹ ውስጥ ተክሉን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ ተገኘ። ብርድ ያልገደለው የግሪም ዘር በዚህ በሽታ ተጎዳ። ተመራማሪዎቹ እንደገና ሥራ ጀመሩ። በ1953 በዊስኮንሲን ግዛት «ቨርናል» የተባለ ዘር ወጣ። ይህ ዘር ብርዱንም በሽታውንም የሚችል በመሆኑ ብዙ ዓመት በሰፊው ተዘርቷል።

ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ ከግሪም ዘዴ ብዙ አይርቅም። ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ እግሮችን ክረምቱ በከፋበት ቦታ አራርቀው ይተክላሉ። ክረምቱ ሲያልፍ የሞተውንና የተረፈውን ይቆጥራሉ። የተረፉትን ከሌላ አልፋልፋ ለይተው እርስ በርሳቸው እንዲዳቀሉ ያደርጋሉ። ዘሩን ይሰበስባሉ፤ ደግመው ይዘራሉ። እያንዳንዱ ዘር ክረምትን በመቻሉ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይሰጠዋል፤ 1 ያገኘው ከሁሉ የበረታው ነው።

አንድ የሚያስቸግራቸው ነገር አለ። ብርድ በጣም የሚችለው ዘር ቀኑ ማጠር ሲጀምር ቶሎ ይተኛል። ቶሎ ሲተኛ የመጨረሻው አጨዳ ያንሳል። ዘግይቶ የሚተኛው ብዙ ድርቆሽ ይሰጣል፤ ግን ይሞታል። ሁለቱን ማስታረቅ እስከ ዛሬ የሚደከምበት ሥራ ነው።

«ታዲያ ይኸ ለእኛ ምን ያደርግልናል?»

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አንባቢ ልክ ነው። የሚኔሶታ ክረምት በእኛ አገር የለም። የእኛ ጠላት ሌላ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያና በሌሎችም ደጋዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ጥርት ሲል ውርጭ ይወርዳል። ጧት ሜዳው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አተሩና ባቄላው ተቃጥሎ ይታያል። ሆኖም ሁሉም እግር አይቃጠልም። የተረፈ አለ። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዘር መምረጥ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ገበሬ፣ በተለይም ዘሩን የሚያበጥሩትና የሚያስቀምጡት እናቶች፣ ከጥንት ጀምረው ሲመርጡ ኖረዋል። ለዚህ ነው አገራችን በገብስ ዓይነት ብዛት የታወቀችው። ገብስን ብጫ የሚያደርግና የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ አለ፤ ይህን በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ከኢትዮጵያ ገብስ ተወስዶ ለሌላው ዓለም ገብስ መድኃኒት ሆኗል። የመኖ ተክልም አለን። ክረምት ሲገባ የደጋውን ሜዳ የሚሸፍኑት ባለ ሦስት ቅጠል ሣሮች የአልፋልፋ ዘመዶች ናቸው። ከእነሱ መካከል ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ ቦታ የማይገኙ አሉ። በአዲስ አበባ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ተክሎችን ዘር በባንክ ያስቀምጣል።

እንግዲህ በማሳችን ለመሞከር የምንፈልግ ከሆነ፣ መኖም ይሁን ባቄላ፣ ከግሪም የምንማረው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ውርጭ በመታ ማግስት ማሳውን ሳትዞሩ አትቅሩ። የተረፈውን እግር በክር አስራችሁ ምልክት አድርጉበት። ከብት እንዳይበላው አጥሩለት።

ሁለተኛ፣ በዕድል የተረፈውን በብርታት ከተረፈው ለዩ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ረባዳው ቦታ ከተዳፋቱ ይልቅ ይበርዳል። ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ የተረፈ እግር ጥላ አድኖት ይሆናል። በረባዳው መካከል፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሞተው ብቻውን የቆመው እሱ ነው ብርቱው። ዘር የሚያዘው ከእሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ከአንድ እግር ብቻ ሳይሆን ከብዙ የተረፉ እግሮች ዘር ያዙ። ዘሩ የተለያየ ሲሆን ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ የሚተርፍ ይኖራል። የግሪምን ዘር ያገኘውን በሽታ አትርሱ።

አራተኛ፣ ዘሩን ለብቻው አስቀምጡ። በትንሽ መደብ ላይ ከለመዳችሁት ዘር ጋር ጎን ለጎን ዝሩት። መሬታችሁን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለሙከራ አታውሉ። የአንድ ዓመት ውጤትም አያታልላችሁ፤ ውርጭ የሌለበት ዓመት አይፈትንም።

አምስተኛ፣ ጻፉ። ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። የተዘራበትን ቀን፣ ውርጭ የመታበትን ሌሊት፣ የበቀለውን ብዛት፣ የተረፈውን ብዛት በደብተር ላይ ማስፈር ይበቃል። «አምና 100 እግር ነበር፤ 12 ተረፈ። ዘንድሮ 100 እግር ነበር፤ 30 ተረፈ» ብሎ መጻፍ የቻለ ገበሬ ሥራው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያውቃል። ለግብርና ባለሙያውም ሲያሳይ «መሰለኝ» ሳይሆን «ይኸው» ይላል።

አልፋልፋን ራሱን መዝራት ለምትፈልጉም ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። አልፋልፋ ውሃ የሚተኛበትን መሬትና የኮመጠጠ አፈር አይወድም። ስለዚህ መጀመሪያ ባለሙያ አማክሩ። ሌላው፣ የተራበ ከብት ጤዛ ያለበትን እርጥብ አልፋልፋ እንዳሻው ከጋጠ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት ይችላል። አጠውልጋችሁ ወይም አድርቃችሁ፣ ከጭድ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በመጠኑ ስጡት።

ግሪም ብርዱን አላቆመውም። ብርዱን የሚያቆም ሰው የለም። ማሳው በሞተ ቁጥር «ምን ተረፈ?» ብሎ ጎንበስ አለ፤ የተረፈውን ለቀመ። ይህን ማድረግ ለማንም ገበሬ የሚቻል ነው። እኛ ደግሞ እሱ የሠራውን ጽሕፈት አድርሶልን አንብበናል። ውርጭ በመታ ጧት በእጃችን ክርና እርሳስ ይኑር።

በንባብ ቡድናችሁ ተወያዩበት

1. በእኛ ክረምትና በሰሜን አገሮች ክረምት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

2. ግሪም የተረፉትን እግሮች ለጥጃ ቢያበላቸው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

3. ዛፍ ሥር የተረፈ እግር ለዘር የማይታመነው ለምንድን ነው?

4. በመንደራችሁ ውርጭ አብዝቶ የሚመታው የትኛውን ቦታ ነው? በዚያ ቦታ ሳይቃጠል የቀረ ባቄላ ወይም አተር ያየ ሰው አለ? ካለ ይንገራችሁ፤ አንዳችሁም ጻፉት።